ለድግስ ቀን ብቻ የሚጠራ ዘመድ

እውነቱን ለመናገር እኔ በረዶ የምወደው በመስኮት በኩል ሳየው ብቻ ነው። ከአገር ከወጣሁ ስንት ክረምት አሳልፌያለሁ፤ እስካሁን አንድም ቀን ስኪ እግሬ ላይ አላሰርኩም። እንደኔ ያለ ሰው ስለ ክረምት ኦሎምፒክ ምን ብሎ ይጽፋል ትሉኝ ይሆናል። የምጽፈው ስለ በረዶው አይደለም። ስለ ማሊያው ነው፤ ማሊያውን ማን እንደሚለብሰው፣ ማን እንደሚሰጠው፣ ከጨዋታው በኋላስ ለባሹ ምን እንደሚሆን ነው።

ነገሩ የጀመረኝ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018 ነው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ቴሌቪዥን ስከፍት ከደቡብ ኮሪያ፣ ጋንግኑንግ ከምትባል ከተማ፣ የሴቶች አይስ ሆኪ ይተላለፋል። ኮሪያ ከጃፓን። አዘጋጇ አገር ከዚያ በፊት ባደረገቻቸው ሁለት ጨዋታዎች በስዊዘርላንድ 8 ለ 0፣ በስዊድንም 8 ለ 0 ተቀጥታለች። እኔም እንደማንኛውም ሐበሻ ለተሸናፊው አደላሁ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንዲት ተጫዋች የመታቻት ፓክ፣ ያቺ ጥቁር የጎማ ክብ ማለቴ ነው፣ ይህን ያህል ፍጥነት ሳይኖራት በግብ ጠባቂዋ እግሮች መካከል ሾልካ ገባች። አዳራሹ ተናወጠ። ጨዋታው በጃፓን 4 ለ 1 አሸናፊነት ነው ያለቀው፤ ያቺ ፓክ ግን ዛሬ ቶሮንቶ በሚገኘው የሆኪ የዝና ሙዚየም እንድትቀመጥ ተልካለች። የኮሪያ የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ የሴቶች ሆኪ ጎል ናትና።

ጎሏን ያገባችው ራንዲ ሂሱ ግሪፊን ትባላለች። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ ሃርቫርድ የተማረች፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የጀመረችውን የዶክትሬት ትምህርት ለጊዜው ትታ የመጣች ልጅ ናት። እናቷ ኮሪያዊት ናቸው። የኮሪያ ፌዴሬሽን አገር ውስጥ በቂ ተጫዋች ስላልነበረው በሰሜን አሜሪካ ኮሌጆች የኮሪያ ዝርያ ያላቸውን ሲያፈላልግ ነው የተገኘችው። የዲያስፖራ ልጅ፣ የዶክትሬት ተማሪ፣ የእናቷ አገር ጠርቷት ሄዳ፣ ለዚያች አገር ማንም ያላደረገውን አደረገች። ከዚህ ወዲያ ጨዋታውን ትቼ ስለ ተጫዋቾቹ ማንበብ ጀመርኩ። ቢሮም አርፍጄ ገባሁ።

እዚያው ቡድን ውስጥ ፓርክ ዩን ጁንግ የሚል ስም የለበሰች ተከላካይ አለች። አሜሪካ የምትታወቀው ማሪሳ ብራንት በሚለው ስሟ ነው። ኮሪያ ተወልዳ ገና ጨቅላ ሳለች በጉዲፈቻ ወደ ሚኒሶታ የተወሰደች ልጅ ናት። አሳዳጊዎቿ ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን ልጅ ሐናን ወለዱ። ሁለቱ እኅትማማቾች አንድ ጓሮ ላይ ሆኪ እየተጫወቱ አደጉ። በ2018 ሐና የአሜሪካን ማሊያ፣ ማሪሳ የኮሪያን ማሊያ ለብሰው አንድ ኦሎምፒክ ላይ ተገኙ። የሐና ቡድን ካናዳን በመለያ ምት አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። የማሪሳ ቡድን አምስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፤ ሁለት ጎል አግብቶ ሃያ ስምንት ገባበት። ከሁለቱ ማን የበለጠ ይዛ ወጣች ብትሉኝ መልሱን አላውቀውም። ማሪሳ ግን የተወለደችበትን አገር መዝሙር የዚያችው አገር ተጫዋች ሆና ቆማ ሰምታለች።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእኛ ፓርላማ የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለው ከዚያ ጨዋታ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 2018 ነው። ከ1999 ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ አንዳንዶቻችሁ አብራችሁ ትማራላችሁ። መካከላቸው ሯጭ አለ፣ ዋናተኛ አለ፣ ምናልባትም በረዶ ላይ የሚንሸራተት አለ። ማን ፈልጓቸው ያውቃል? በሩ ተዘግቷል፣ ደህና። የወጡትንስ ማን ደውሎ ጠየቃቸው?

አሁን ወደ ኮሪያ ልመለስ፤ ምክንያቱም ታሪኩን እንደ ጣፋጭ ተረት ብቻ ነግሬያችሁ ብሄድ መዋሸት ይሆንብኛል።

ኮሪያ ውድድሩን ስታዘጋጅ ያስቀመጠችው ግብ 8 ወርቅ አግኝቶ በጠቅላላ ደረጃ አራተኛ መውጣት ነበር። አዘጋጅ አገር በየውድድሩ ሰው ማሰለፍ ይፈልጋል፤ በገዛ ቤቱ ባዶ ወንበር ማሳየት አይፈልግም። ስለዚህ ከ140 በላይ ከሆኑት የኮሪያ ስፖርተኞች ውስጥ 19 ያህሉ ዜግነት ተሰጥቷቸው የመጡ ነበሩ። ሁሉም እንደ ግሪፊን የኮሪያ ደም ያላቸው አይደሉም። የወንዶቹ ሆኪ ቡድን ካሉት 25 ተጫዋቾች ሰባቱ ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ ስድስት ካናዳውያንና አንድ አሜሪካዊ። ከሩሲያ የመጡ የባያትሎን ተወዳዳሪዎች ነበሩ። አንዲት ጀርመናዊት ደግሞ በራሷ አገር ቡድን ውስጥ ቦታ አጥታ ስፖርቱን ከተወች በኋላ ለኮሪያ በሉጅ ተወዳድራ ስምንተኛ ወጣች። ይህን ያስቻለው በ2010 የተሻሻለው የዜግነት ሕጋቸው ነው። ሕጉ ልዩ ችሎታ ላላቸው ሰዎች፣ በጉዲፈቻ ለወጡ ልጆችና ለሌሎችም የያዙትን ፓስፖርት ሳይመልሱ ኮሪያዊ እንዲሆኑ ፈቀደ።

ውጤቱስ? ኮሪያ 5 ወርቅ፣ 8 ብርና 4 ነሐስ፣ በድምሩ 17 ሜዳልያ አገኘች፤ ደረጃዋም ሰባተኛ ሆነ። ከአሥራ ሰባቱ አንዱንም ከአሥራ ዘጠኙ መካከል የሆነ ሰው አላመጣም። ሜዳልያዎቹ በሙሉ እዚያው ያደጉ ልጆች ናቸው ያመጧቸው። ሜዳልያ ለመግዛት ነው ያስመጧቸው የሚለው ሰው እንግዲህ ገንዘባቸው ውኃ በላው ማለቱ ነው።

እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ግብ ጠባቂው ማት ዳልተን ካናዳዊ ነው፤ ከኦሎምፒኩ አራት ዓመት ቀድሞ ወደ አንያንግ ክለብ ሄዶ መጫወት የጀመረ፣ ከኦሎምፒኩ በኋላም እዚያው የቆየ ሰው ነው። የወንዶቹ አሠልጣኝ ጂም ፔክ ሴኡል ተወልዶ ገና በልጅነቱ ወደ ካናዳ የሄደ፣ በ1991 እና በ1992 ከፒትስበርግ ጋር የስታንሊ ዋንጫን ያነሳ የመጀመሪያው ኮሪያ ተወላጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ለሁለት ሳምንት ተከራይተው የመጡ አይደሉም። ቡድናቸው ከቼክ ጋር 2 ለ 1 ብቻ ተሸነፈ፤ ሆኪን ከእናት ጡት ጋር ከሚጠቡት ከካናዳ ጋርም 4 ለ 0 ነው የወጣው። ሃያ ጎል ይገባባቸዋል ብለው ለሳቅ የተዘጋጁ ሰዎች ሳይስቁ ቀሩ። የእኔ መለኪያ ይሄ ነው፤ የመጣው ሰው ከድግሱ በፊት ነበር ወይ? ከድግሱስ በኋላ አለ ወይ?

በዚህ መለኪያ ከሄድን ኮሪያ ራሷ ብዙ ጊዜ ወድቃለች።

የሴቶቹን ሆኪ ቡድን ነገር ተመልከቱ። ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የሁለቱ ኮሪያ መንግሥታት ተነጋግረው 12 የሰሜን ኮሪያ ተጫዋቾች በ23ቱ የደቡብ ተጫዋቾች ላይ እንዲጨመሩ፣ በየጨዋታውም ቢያንስ ሦስቱ እንዲሰለፉ ወሰኑ። ለዓመታት አብረው የለፉትን ልጆች ማንም አላማከራቸውም። አሠልጣኟ ካናዳዊት ሣራ መሪም የሰማችው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ጭራሽ የሴቶቹ ሆኪ ሜዳልያ ውስጥ የሚገባ አይደለም የሚል ነገር ተናግረው፣ ሕዝቡ ሲነሳባቸው ይቅርታ ጠየቁ። የሚገርመው በጣም የተቆጣው ወጣቱ ነው። ሰላሙን ጠልቶ አይመስለኝም። ሥራ ፍለጋ ላይ፣ ፈተና ላይ «ቦታህን ለትልቁ ዓላማ ልቀቅ» ሲባል የኖረ ትውልድ ስለሆነ ነው። ልጃገረዶቹ ግን ከመጡት ጋር ተላመዱ፣ አብረው በሉ፣ የሆኪውን ቃላት የሰሜኖቹ በኮሪያኛ ደቡቦቹ በእንግሊዝኛ ስለሚጠሩት መዝገበ ቃላት ነገር አዘጋጅተው ተግባቡ፤ ሲለያዩም ተላቀሱ። ፖለቲከኞቹ የሠሩትን ስሕተት ልጆቹ ነው ያቃኑት። እኛም ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው።

ከዚያ ደግሞ የነጭ ሽንኩርቶቹ ልጆች መጡ። ከርሊንግ የሚባለውን፣ ድንጋይ እየገፉ በመጥረጊያ በረዶ የሚጠርጉበትን ጨዋታ አይታችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ሳየው ቤት ጽዳት መስሎኝ ነበር። ኡይሶንግ ከምትባል ነጭ ሽንኩርት አብቃይ አካባቢ የመጡ ሴቶች ኃያላኑን እየጣሉ ለፍጻሜ ደረሱ፣ ብር ወሰዱ፣ አገሩ አበደላቸው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እነዚሁ ልጆች ወጥተው አሠልጣኞቻቸው እንደሚሰድቧቸውና እንደሚያዋርዷቸው፣ የሽልማት ገንዘባቸውንም እንዳልሰጧቸው ተናገሩ። መንግሥት አጣርቶ እውነት መሆኑን በ2019 አረጋገጠ። ቀጥሎ ደግሞ የሾርት ትራክ ወርቅ ባለቤቷ ሺም ሱክ ሂ ከዚህ የባሰ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አሠልጣኟ ያደረሰባትን ጾታዊ ጥቃት አደባባይ አወጣች፤ ሰውየው ተፈረደበት።

አዘጋጅ አገር በመድረኩ ላይ የሚያሳየን ልጆቹን ነው። ከመድረኩ በስተጀርባ እንዴት እንደሚይዛቸው የምናውቀው እነሱ ደፍረው ሲናገሩ ብቻ ነው።

እስቲ ደግሞ ወዲያ የሄዱትን እንይ። አን ህዩን ሱ በ2006 ቱሪን ላይ ለኮሪያ ሦስት ወርቅና አንድ ነሐስ ያመጣ የሾርት ትራክ ንጉሥ ነበር። ጉዳት መጣ፣ ከፌዴሬሽኑ ጋር አለመስማማት መጣ፣ ቦታ አጣ። ሩሲያ ጠራችው፤ ቪክቶር አን ተባለ። በ2014 አዘጋጇ ሩሲያ በነበረችበት በሶቺ ልክ ያንኑ ቁጥር፣ ሦስት ወርቅና አንድ ነሐስ፣ ለሩሲያ አመጣ። የኮሪያ ወንዶች በዚያ ዓመት በሾርት ትራክ አንድም ሜዳልያ ሳያገኙ ተመለሱ። አስተውላችሁ ከሆነ የኮሪያ ሕዝብ ከሃዲ ብሎ አልጮኸበትም፤ ብዙው ሰው ጣቱን የቀሰረው በፌዴሬሽኑ ላይ ነው። ትምህርት ተወሰደ እንዳትሉ ግን፣ በፒዮንግቻንግ ለኮሪያ የመጀመሪያውን ወርቅ ያመጣው ሊም ህዮ ጁን በ2019 በአንድ የዲሲፕሊን ክስ ከታገደ በኋላ ዜግነቱን ቀይሮ ቻይናዊ ሆነ። ስሙም ዛሬ ሊን ሺያውጁን ነው።

በዚህ ላይ በፒዮንግቻንግ በስኖውቦርድ ሰማይ ላይ ስትገለባበጥ ዓለም ያጨበጨበላት የ17 ዓመቷ ክሎዊ ኪም አለች። ወላጆቿ ከኮሪያ ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ናቸው፤ አባቷ እሷን ወደ ልምምድ ለማመላለስ የምሕንድስና ሥራቸውን ትተዋል። ወርቁ የአሜሪካ ነው። አያቷ ሜዳው ዳር ቆመው አዩዋት። የወላጆቿ አገር ሰዎችም እንደራሳቸው ልጅ ጮኹላት። ማንም ግን ለምን የእኛን አልለበስሽም ብሎ አልተጣላትም።

እኛስ? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከኮሪያ አልፎ ሳሎናችን ውስጥ የሚገባው።

በኦገስት 2024 የፓሪስን የሴቶች ማራቶን እኛ ቤት ተሰብስበን ነው ያየነው። መጨረሻው ላይ ሁለት ሴቶች ተያይዘው መጡ፤ ትዕግሥት አሰፋና ሲፋን ሐሰን። ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ። ሲፋን በ2:22:55 ገባች፣ ትዕግሥት በሦስት ሰከንድ ተቀደመች። የእኛ ቡድን ያቀረበው ክስም ውድቅ ሆነ። ሳሎኑ ለሁለት ተከፈለ። ከወንድሞቻችን አንዱ ስለ ሲፋን እዚህ የማልደግመውን ቃል ተናገረ። እኔም ዝም አላልኩም፤ «አንተ ፓስፖርትህ የማን ነው?» አልኩት። ልክ አልነበረም መሰለኝ፣ እንግዳዬ ነው። ቡናው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ግን ጥያቄውን ዛሬም አላነሳሁለትም። ሲፋን በ2008 ገና 15 ዓመቷ ሳለ በስደት ኔዘርላንድ የገባች ልጅ ናት። ያስጠለላት፣ ትምህርት ቤት ያስገባት፣ ያሠለጠናት አገር ማሊያ ሰጣት፣ ለበሰች። አብዛኞቻችን ለሥራ ለቪዛ ብለን ያደረግነውን እሷ ስትሮጥ ስላደረገችው ካሜራ ያዛት፤ ልዩነቱ ይሄው ነው።

ሕጉን ደግሞ ብዙዎቻችን በደንብ አናውቀውም፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላውቀውም ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በአንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን ሊገፈፍ አይችልም ይላል፤ አዋጁ ደግሞ «ፈቃዱን» ራሱ ይተረጉምለታል። ልጆቻችንን የሚመለከተው ክፍል ግን ይበልጥ ያስደነግጣል። ውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። አሥራ ስምንት ሞልቶት አሥራ ዘጠኝ እስኪሞላው ማለት ነው። ልጆቻችሁ በዚያ ዓመት ስለ ምን ሲያስቡ ነበር? የእኔዋ ስለ መንጃ ፈቃድ ነበር።

ቢጫ ካርዱ አለ ትሉኛላችሁ። አለ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ከቪዛና ከሥራ ፈቃድ ነፃ የመሆን፣ ንብረት የማፍራት መብት ሰጥቷል፤ አላቃልለውም፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው። ግን አያስመርጥም፣ አያስመረጥምም። ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ምንም አይሠራም፤ የኦሎምፒክ ቻርተር የሚጠይቀው ዜግነት ነውና። ስለዚህ ነገ ኦስሎ ወይ ካልጋሪ የተወለደች፣ አማርኛ የምትናገር፣ በበረዶ ስፖርት የበቃች ልጅ ብትነሳና «ለእናቴ አገር ልወዳደር» ብትል፣ መጀመሪያ ያላትን ፓስፖርት መመለስ አለባት። አንድ ጊዜ ዜግነቱን ያጣ ሰው መልሶ ለማግኘትም ኑሮውን ኢትዮጵያ ማድረግና የያዘውን ዜግነት መተው ይጠበቅበታል። የዩኒቨርሲቲ ክፍያዋን፣ የሥራ ፈቃዷን፣ የወላጆቿን አገር ትታ ማን ይህን ያደርጋል?

ይህን ሁሉ የምለው ሰው ስለሌለን አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል፤ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪያችን ነው። አሜሪካ አድጎ፣ ኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎማ ባለው ስኪ ሲለማመድ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ፈልጎ ያገኘው ፌዴሬሽን አልነበረም፤ ፌዴሬሽን እንዲኖር የለፋው ራሱ ነው። ከእሱ በኋላ እስከ ፒዮንግቻንግ ድረስ ሌላ አላየንም። ጎረቤታችን ኤርትራ ግን እዚያው ፒዮንግቻንግ ላይ ካናዳ ተወልዶ ያደገውን ሻነን አቤዳን በአልፓይን ስኪ አሰልፋለች።

ሁሌም የምንጠራው ለገንዘብ ነው። ቦንድ ሲሸጥ፣ ግድብ ሲሠራ፣ የእርዳታ ጥሪ ሲመጣ «ውድ የዲያስፖራው ማኅበረሰብ አባላት» እንባላለን። እኔም ሰጥቻለሁ፣ ነገም እሰጣለሁ፤ የማማርረው በመስጠቱ አይደለም። ግን ዘመድ ለድግስ መዋጮ ተጠርቶ ስለ ቤቱ ጉዳይ ሲመከር ውጭ ቆይ ከተባለ፣ አንድ ቀን መዋጮውንም ሳይሰጥ ቢቀር ማን ይፈርድበታል?

ፒዮንግቻንግ ያለችበት ግዛት ጋንግዎን ይባላል። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ልጆች የዘመቱት ወደዚያ ተራራማ አካባቢ ነው። በጦርነቱ ከ6,000 በላይ ዘማቾች ከአገራችን ሄደዋል፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። እዚያው ግዛት ውስጥ ቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልታቸው ቆሟል፤ የዝክር አዳራሽም አላቸው። ስለዚህ በዜግነት ሕጋችን ላይ አንድ ቀን ማሻሻያ የሚያረቅ ሰው ከተገኘ፣ አዲስ አበባ ወዳለው የኮሪያ ኤምባሲ ጎራ ብሎ የ2010ሩን ማሻሻያቸውን አንቀጽ በአንቀጽ ቢጠይቅ የሚመልሰው ያለ አይመስለኝም። ለጉዲፈቻ ልጆች ያስገቡትን ክፍል ቢያስቀድም ደግሞ እወዳለሁ፤ ከሁላችንም ይልቅ ሲወጡ ያልተጠየቁት እነሱ ናቸውና።